ሹፌራችሁ ጠጥቶ ከመሰላችሁ ምን ታደርጋላችሁ?

ይህን የምጽፈው አሜሪካ ውስጥ እንደ እኔ የከባድ መኪና ሹፌሮችን ለምትቆጣጠሩ ነው።

መጀመሪያ ስልጠናውን ውሰዱ። 60 ደቂቃ ስለ አልኮል፣ 60 ደቂቃ ስለ ዕፅ። ያለሱ ሹፌር በጥርጣሬ ለምርመራ መላክ አይቻልም። ኦንላይን አለ፤ ግን እያንቀላፋችሁ አትለፉት።

ስትጠራጠሩ ቁልፉን ተቀበሉ።

ጣጣው ያለው የጠረጠራችሁበትን ምክንያት የምትጽፉበት ጽሑፍ ላይ ነው። እኔ መጀመሪያ የጻፍኩት አንድ ቃል ነበር፦ «ሰክሯል»። አለቃዬ «በምን አወቅክ?» ሲለኝ አፌ ተሳሰረ። ሕጉ የሚፈልገው የእናንተን ፍርድ አይደለም። ራሳችሁ ያያችሁትን፣ የሰማችሁትን፣ የሸተታችሁን ነው፤ ያውም የዚያኑ ሰዓት። «ማታ ሰርግ ላይ ነበር አሉ» አይሠራም። እንዲህ ጻፉ፦ «6፡40 ላይ ከመኪናው ሲወርድ መያዣውን ሁለቴ ሳተ። አፉ አልኮል ይሸታል። ‹ትሬለር› ለማለት ሦስቴ ጀምሮ አልጨረሰውም።» በ24 ሰዓት ውስጥ ፈርሙበት፤ ውጤቱ ቀድሞ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ከዚያ በፊት።

ሌላው ፈተና ይሉኝታ ነው። አንዴ የጠረጠርኳቸው ሹፌር በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። እንዴት ብዬ ልጀምር? ቡና ቀዳሁላቸው፣ ስለ ልጆቻቸው ጠየቅኳቸው፣ ሰዓቱ ነጎደ። የአልኮል ምርመራ በ2 ሰዓት ውስጥ ካልተደረገ ለምን እንደዘገየ በጽሑፍ ታስረዳላችሁ። 8 ሰዓት ካለፈ ጭራሽ ይቀራል። አሁን ለብቻቸው ጠርቼ ባጭሩ ነው የምናገረው፦ «ጋሼ፣ ያየሁት ነገር ስላለ ለምርመራ አብረን እንሄዳለን።» አሟቸው እንደሆነም እጠይቃለሁ። ስኳሩ የወረደበት ሰው የሰከረ ይመስላል፤ ያኔ የሚደወለው 911 ነው።

እምቢ ማለት እንደ መውደቅ እንደሚቆጠር ቀድማችሁ ንገሩ። አልኮሉን ራሳችሁ አትመርምሩ፤ የጠረጠረው ተቆጣጣሪ መርማሪ መሆን አይችልም።

ጫትን በተመለከተ «የአገር ቤት ቅጠል ነው» የሚል አይጠፋም። ውስጡ ያለው ካቲኖን ግን አሜሪካ ውስጥ የተከለከለ ነው።

በምንም ተአምር ራሱ ነድቶ ወደ ክሊኒክ እንዳይሄድ። እኔ አንዴ አድራሻ ሰጥቼ በገዛ መኪናው ሰድጃለሁ። ስልኩን እስኪያነሳ ድረስ ያለፈችውን ግማሽ ሰዓት አልረሳትም።

በምርመራው የተገኘው የአልኮል መጠን 0.04 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ወድቋል። ከ0.02 እስከ 0.039 ከሆነ ደግሞ ለ24 ሰዓት መሪ አይጨብጥም። የዕፁ ውጤት ቀናት ሊወስድ ይችላል። እስኪመጣ ድረስ ጭነቱን ለሌላ ሹፌር ስጡ፤ ሰውየውንም ቤቱ አድርሱት።