ከሞተሩ ጀርባ የተደበቁትን ካንዴላዎች እንዴት መቀየር ይቻላል

ባለ አራት ሲሊንደር መኪና ላይ ኮፈኑን ከፍተው ኮይሎቹን (ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ የሚሰጡትን) ሲያነሱ አብዛኛውን ጊዜ ካንዴላዎቹን፣ ማለትም ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን፣ ከላይ ያገኟቸዋል። የሚያስቸግረው በአግድም የተገጠመ ቪ6 ሞተር ነው። ሦስቱ ካንዴላዎች ከፊት ናቸው። የቀሩት ሦስቱ ግን በሞተሩና በጋቢናው መካከል ወዳለው ግድግዳ ተጠግተዋል፤ ከላያቸውም አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው የአየር ማስገቢያ ማኒፎልድ ተጭኗል። የፊቶቹን ብቻ ቀይሮ የኋላዎቹን የሚተው መካኒክ አለ። ጋራዥ ካስገቡ ስድስቱንም አሮጌ ካንዴላዎች በእጅዎ ይረከቡ። የኋላዎቹ እንዳረጁ ከተተዉ ኮይሎቹ ይጨነቃሉ፣ ሞተሩ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሲሠራ) ይንቀጠቀጣል፣ ቤንዚንም ይባክናል።

ለምሳሌ የምንወስደው የቶዮታን ባለ 3.5 ሊትር 2ጂአር-ኤፍኢ ሞተር ነው። በፈረንጆቹ ከ2007 እስከ 2016 በተሠሩ ባለ ቪ6 ሲየናዎች ላይ ያለው እሱ ነው፤ በሃይላንደር፣ በቪ6 ካምሪና በሌክሰስ አርኤክስ 350 ላይም ይገኛል። ከግድግዳው በኩል ያሉት ሲሊንደሮች 1፣ 3 እና 5 ናቸው። የቼክ ኢንጅን መብራት በርቶ የብልሽት ኮድ ማንበቢያው ፒ0301፣ ፒ0303 ወይም ፒ0305 ካወጣ፣ ችግሩ ያለው ከተደበቁት ወገን ነው።

በሞተሩ ላይ የሚገቡት ጫፋቸው ከኢሪዲየም ብረት የተሠራ ካንዴላዎች ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ለተሸጡት መኪኖች የተቀመጠው የመቀየሪያ ርቀት 120,000 ማይል፣ ማለትም ወደ 193,000 ኪሎ ሜትር ነው። ዴንሶና ኤንጂኬ ራሳቸው ደጋግመው እንዳስጠነቀቁት ተመሳስለው የተሠሩ ካንዴላዎች ገበያው ውስጥ አሉ። ስለዚህ ዋጋው ከሌላው ሱቅ በእጅጉ የረከሰ ኢሪዲየም ካገኙ ይጠርጥሩ።

ውስጡ ጎማ ወይም ማግኔት ያለው 16 ቁጥር የካንዴላ ቡሶላ፣ ረጅምና አጭር ማስረዘሚያ፣ በመሃል የሚተጣጠፍ መገጣጠሚያ፣ 10 ቁጥር ቡሶላ፣ የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ ቶርክ መፍቻ፣ አዲስ የማኒፎልድ ጓርኒሲዮን (በመጋጠሚያው መካከል የሚገባ ማሸጊያ)፣ ንጹሕ ጨርቅና አንድ ክንድ የሚሆን ቀጭን የጎማ ቱቦ ያዘጋጁ። ቱቦው ለምን እንደሚያስፈልግ ኋላ ይታያል።

ሞተሩ ፈጽሞ ይቀዝቅዝ። ቴስታታው (ካንዴላዎቹ የሚገቡበት የሞተሩ የላይኛው ክፍል) አሉሚኒየም ስለሆነ በሙቀቱ ካንዴላ ከፈቱ ጥርሱ ሊላጥ ይችላል። ማታ አቁመውት ጠዋት መጀመር ከሁሉ ይሻላል። የባትሪውን ኔጌቲቭ ይንቀሉ። ሲየና ላይ የዝናብ መጥረጊያዎቹንና ከሥራቸው ያለውን ሽፋን ማንሳት ጊዜ የሚያባክን ይመስላል፤ ነገር ግን ለእጅ የሚሰጠው ቦታ ብዙ ነው፣ አይዝለሉት።

ምንም ነገር ከመንቀልዎ በፊት በስልክዎ ከየአቅጣጫው ፎቶ ያንሱ። ከዚያ የአየር ማጣሪያውን ቱቦ፣ የስሮትሉን (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚቆጣጠረውን በር) ሶኬትና የቫኪዩም ቱቦዎቹን ያላቁ። የደረቀ ቱቦ እንቢ ካለ በካቻቢቴ አይፈልቅቁት፤ በፒንሳ በቀስታ አዙረው ካላቀቁት በኋላ ይሳቡት። በስሮትሉ በኩል የሚያልፉትን የማቀዝቀዣ ውሃ ቱቦዎች ካወጡ ጫፋቸውን ይድፈኑ። ማኒፎልዱን ከኋላ ደግፈው የያዙ ብረቶች አሉ፤ ከላይ ሲያዩዋቸው ስለማይታዩ በእጅዎ ዳብሰው ወይም በትንሽ መስታወት ይፈልጓቸው። ብሎኖቹ ሁሉ ከወጡ በኋላም ማኒፎልዱ ካልተነሳ የተረሳ ብሎን አለ ማለት ነው፤ በጉልበት አያንሱት።

ማኒፎልዱ እንደተነሳ ስድስት የአየር ቀዳዳዎች ክፍት ሆነው ይቀራሉ። ወዲያውኑ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፍኗቸው። ጨርቁ ወደ ውስጥ የማይገባ ሰፊ ይሁን። አንዲት ብሎን እዚያ ከወደቀች ቴስታታ እስከማስነሳት ልታደርስ ትችላለች።

አሁን ወደ ኮይሎቹ። በሙቀት ብዛት የሶኬቶቹ መቆለፊያ ተሰባሪ ይሆናል። ሶኬቱን መጀመሪያ ትንሽ ወደ ውስጥ ገፍተው መቆለፊያውን ይጫኑ፣ ከዚያ ይሳቡ። ኮይሉን ግራና ቀኝ እያወዛወዙ ያውጡ። ካንዴላውን ከመንካትዎ በፊት ጉድጓዱን በኮምፕሬሰር አየር ይንፉ፤ አሸዋው ካልጸዳ ካንዴላው ሲወጣ የሚወርደው ሲሊንደር ውስጥ ነው።

ጠባቡ ቦታ ላይ ቡሶላውንና ማስረዘሚያውን ውጭ ገጣጥሞ ማስገባት አይቻልም። መጀመሪያ ቡሶላውን፣ ቀጥሎ ማስረዘሚያውን፣ በመጨረሻ ተጣጣፊውን እያስገቡ እዚያው ይገጣጥሙ። ካንዴላው ከጠነከረብዎ ሩብ ዙር ፈትተው መልሰው ያጥብቁ፣ ዝገት ማላቀቂያ ዘይት ጠብ አድርገው ይጠብቁና እንደገና ይሞክሩ። የወጡትን በሲሊንደር ቅደም ተከተል ይደርድሯቸው። ጫፉ ቀላ ያለ ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ጤነኛ ነው፤ የጠቆረ ጥላሸት ቤንዚን እንደበዛ ይናገራል። የካንዴላው አናትና ጉድጓዱ በዘይት ከራሱ የቫልቭ ሽፋኑ ጓርኒሲዮን ያፈስሳል፣ እሱንም አብረው ይቀይሩ።

የጎማ ቱቦው የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው። የአዲሱን ካንዴላ ጭራ ቱቦው ውስጥ ሰክተው ወደ ጉድጓዱ ያውርዱና በጣትዎ ያዙሩ። ጥርሱ ተዛንፎ ከገባ ቱቦው ስለሚንሸራተት ቴስታታው አይጎዳም። በዚህ መንገድ ብዙ ዙር ሳይቸገር ከገባ በኋላ ብቻ በቶርክ መፍቻ 18 ኒውተን ሜትር ያጥብቁ። ጥርሱን ቅባት አይቀቡ፤ ቅባት ካለ ያው ቁጥር ከሚገባው በላይ ያጠብቃል። የኢሪዲየሙ ጫፍ ቀጭን ስለሆነም ክፍተቱን ለማስተካከል አይቀጥቅጡት።

ኮይሎቹን ይመልሱ፣ ጨርቆቹን ቆጥረው ያውጡ፣ ጓርኒሲዮኑን ቀይረው ማኒፎልዱን ከመሃል ወደ ዳር እኩል እኩል እያጠበቁ ይግጠሙት። የፈሰሰ የማቀዝቀዣ ውሃ ካለ ይሙሉ። ባትሪው ተነቅሎ ስለነበር ሚኒሞው ለጥቂት ደቂቃ ከፍና ዝቅ ቢል አያስደንግጥዎ። የፉጨት ድምፅ ከሰሙ ወይም መንቀጥቀጡ ካልቆመ ግን አንድ የቫኪዩም ቱቦ ተረስቷል፤ ያነሷቸውን ፎቶዎች ከፍተው እያነጻጸሩ ይፈልጉት።