የሊፊስቲየስ ሸረሪትን ለመመደብ

ሊፊስቲየስ ከምያንማር እስከ ሱማትራ ባሉ የደቡብ ምሥራቅ እስያ ደኖችና ዋሻዎች የሚኖሩ፣ የጉድጓዳቸውን አፍ በክዳን የሚዘጉ ሸረሪቶች ጂነስ (የተቀራረቡ ዝርያዎች ስብስብ) ነው። ዴንማርካዊው የነፍሳት ተመራማሪ ሺዮድተ ጂነሱን በ1849 እ.ኤ.አ. የሰየመው በማሌዥያ ካለችው ከፔናንግ ደሴት በተገኘው ሊፊስቲየስ ደሱልቶር በተባለ ዝርያ ላይ ተመሥርቶ ነው።

ምደባው የሚጀምረው ከመቆፈር በፊት ነው። ከጉድጓዱ አፍ ዙሪያ ወደ ውጭ የተዘረጉ የሐር ክሮች ካሉ፣ ቁፋሮ ስለሚያጠፋቸው አስቀድመው ፎቶ ያንሷቸው። ነፍሳት ሲነኳቸው ውስጥ ለተቀመጠው ሸረሪት ምልክት የሚያደርሱት እነዚህ ክሮች፣ በቻይና፣ በጃፓንና በቬትናም በሚገኙት ዘመዶቹ፣ በሄፕታቴላ ወገን ሸረሪቶች ጉድጓድ ላይ አይታዩም።

ቀጥሎ ሆዱን ይመርምሩ። ጀርባው ላይ በተርታ የተደረደሩ ጠንካራ ሰሌዳዎች ካሉ፣ ክር የሚያወጡት አካላትም ከሆዱ ጫፍ ሳይሆን ከሥሩ መካከል ላይ ከተገኙ፣ ሸረሪቱ ሊፊስቲየስንና ሄፕታቴላን ከሚያካትተው ጥንታዊ የሸረሪት ወገን፣ ከሜሶቴሌ ነው። የመንጋጋው ጎን ለጎን መሆን ብቻውን አያሳምንም፤ የሌሎች ባለክዳን ሸረሪቶች መንጋጋም እንዲሁ ነውና። ወንድ ከሆነ የፓልፑን (ከእግሮቹ ፊት ያለውን እግር መሰል አጭር አካል) ቲቢያ፣ ማለትም ከጫፉ በፊት ያለውን ክፍል ይዩ፤ በቲቢያው ጫፍ አካባቢ ጉልህ ጉብታ መኖሩ ሊፊስቲየስን ከሄፕታቴላ ወገን ይለያል።

ዝርያውን መለየት ግን ሌላ ትዕግሥት ይጠይቃል። በቀለም መፍረድ ፈጽሞ አይገባም። የወንዱ ማስረጃ የፓልፑ ጫፍ ቅርጽ ሲሆን የሴቷ ደግሞ በሆዷ ውስጥ ያለው የዘር መቀበያ አካል ነው፤ ይህን በጥንቃቄ አውጥተው፣ ለስላሳውን ሥጋ በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ አሟሙተው፣ በማይክሮስኮፕ ከላይም ከታችም ያዩታል። የአንድ ዝርያ ሴቶች በዚህ አካል ቅርጽ እርስ በርሳቸው ሊለያዩ ስለሚችሉ፣ በአንዲት ሴት ብቻ አዲስ ዝርያ መሰየም ችኮላ ነው።

ሴቷን ሳይገድሉ የሚሠሩበት መንገድም አለ፤ እኔም ይህንኑ አስቀድማለሁ። ሴቶች ከጎለመሱ በኋላም ቆዳቸውን ስለሚቀይሩ፣ የዘር መቀበያው ውስጠኛ ሽፋን ከተጣለው ቆዳ ጋር አብሮ ይወጣል። የደረቀውን ቆዳ በውኃ አለስልሰው ቀስ ብለው ከዘረጉት፣ ሽፋኑ በሆዱ ሥር በኩል ይገኛል።

ያልጎለመሰ ሸረሪት እስኪያድግ ይጠበቃል፤ ካልተቻለም በጂነሱ ስም ብቻ ይመዘገባል። ለናሙና የተወሰደውን አካል ከ70 እስከ 80 በመቶ በሆነ አልኮል፣ ለዲኤንኤ የሚሆነውን አንድ እግር ደግሞ ቢያንስ 95 በመቶ በሆነ አልኮል በቅዝቃዜ ያስቀምጡ። ሁለቱም አንድ ዓይነት ቁጥር ይኑራቸው፤ በናሙናው መለያ ወረቀት ላይም ቦታው፣ ከፍታው፣ ቀኑና የጉድጓዱ ሁኔታ ይጻፍ።