የስደት ልጆችን አማርኛ ስንመዝን የምንሳሳታቸው ነገሮች

ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ተወልዶ አማርኛን ከወላጆቹ አፍ የለመደ፣ ትምህርት ቤት ሲገባ ግን ሌላ ቋንቋ የበረታበት ልጅ ለሥነ ልሳን ከባድ ጥያቄ ያነሣል፤ ከሰዋስው የትኛው በጥቂት መስማት ይያዛል? የትኛውስ ብዙ መስማት ይፈልጋል? መልሱ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው አመዛዘኑ ላይ ነው።

ትልቁ ስህተት ልጁን አዲስ አበባ ካደገ እኩያው ጋር ማወዳደር ነው። እናቱ «መኪናውን ፓርክ አደረግኩት» የምትል ከሆነ፣ ልጁም እንደዚያው ቢል የሰማውን በትክክል ይዟል። ወንድም የሌላት ልጅ ለአባቷ «ነይ» ብትል፣ ሲሏት የኖረችውን መልሳ መናገሯ ሊሆን ይችላል። ሽማግሌ እንግዳ በማይገባበት ቤት «እርስዎ» ከየት ይመጣል? ስለዚህ አስቀድማችሁ የወላጆቹን ንግግር ግማሽ ሰዓት ያህል ቅረጹ፤ ልጁንም በዚያ መዝኑት። «ያልተሟላ ለመዳ»፣ ማለትም ልጁ ቋንቋውን ሳይጨርስ ቀረ የሚለው ስያሜ፣ ተመራማሪዎችን ሲያከራክር የኖረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ፈተናውን በጽሑፍ መስጠትም ያሳስታል። ፊደል ያልቆጠረ ልጅ የሚወድቀው በንባብ ነው። በቃል «ይህ ትክክል ነው?» ብሎ መጠየቅም ብዙ አያዋጣም፤ እንዲህ ያሉ ተናጋሪዎች የተሳሳተውንም የመቀበል ዝንባሌ አላቸው። ጽሑፍ የሌለው የሥዕል መጽሐፍ ስጡትና ታሪኩን ሲተርክ ቅረጹ።

በድምፁ አትታለሉ። «ጠ»ንና «ቀ»ን አጥርቶ የሚጠራ ልጅ የተሳቢ ምልክቷን «ን» ሊጥል ይችላል። አሜሪካ ያደጉ የስፓኒሽ ተናጋሪዎች በሰው ተሳቢ ፊት የምትገባውን «አ» እንደሚተዉ በጥናት ታውቋል፤ የእኛም «ን» መፈተን አለባት። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት የታወቀ ተሳቢ፣ ማለትም እንደ «ልጁን» የትኛው እንደሆነ ተለይቶ የታወቀውንና «ን» የሚወስደውን ብቻ መጠየቅ ነው። «ን»ን በየቦታው የሚቀጥል ልጅ ያን ፈተና ሙሉ በሙሉ ያልፋል። «ልጁን አየሁት» የሚያስብሉ 8 ሥዕሎች፣ «ልጅ አየሁ» የሚያስብሉ ሌላ 8 አዘጋጁና አደባልቁ።

ስህተት በታየ ቁጥር በእንግሊዝኛ ማሳበብም ችኩልነት ነው። ዕብራይስጥ ለታወቀ ተሳቢ «ኤት» የምትል ምልክት አለው፤ ወንድና ሴትንም እንደ አማርኛ «አንተ» እና «አንቺ» ብሎ ይለያል። እንግሊዝኛ ሁለቱም የሉትም። እስራኤል ያደጉትን አሜሪካ ካደጉት ጋር፣ በዕድሜና በቤት ውስጥ በሚሰሙት አማርኛ መጠን አስተካክላችሁ አነጻጽሩ። «ን» በሁለቱም ዘንድ እኩል ከጠፋች ጥፋቱን በእንግሊዝኛ ላይ መጣል አይቻልም፤ አሜሪካ ባደጉት ዘንድ ብቻ ከጠፋች ግን የሌላው ቋንቋ ተጽዕኖ መሆኑን ለመጠርጠር በቂ ምክንያት ይኖራችኋል።