ተረጭቶ ተረጭቶ ያልጠፋ ቁንጫ፦ ችግሩና መፍትሄው

ጅማ ውስጥ ቁንጫን በአንድ ዙር ፍሊት የተገላገለ ሰው እምብዛም አይገኝም። ብዙ ሰው «መድኃኒቱን ለምዶታል» ይላል። አልፎ አልፎ እውነት ሊሆን ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን መድኃኒቱ ያልደረሰበት ቦታ አለ። ሲዘል የምታዩት ቁንጫ ከጠቅላላው ጥቂቱ ነው፤ ብዙው ገና እንቁላልና እጭ ሆኖ ወለሉ ውስጥ ተኝቷል።

የሚነክሰኝ ቁንጫ ነው ወይስ ትኋን?

ንክሻው ቁርጭምጭሚትና ባት ላይ ከበዛ፣ ቀንም ሌሊትም ካሳከከ ቁንጫን ጠርጥሩ። ሌሊት ብቻ አንገትና ክንድ የሚበላ፣ አንሶላ ላይ የደም ነጠብጣብ የሚተው ከሆነ ግን ትኋን ነው፤ ያኔ ወለሉን ትታችሁ የአልጋውን መጋጠሚያ ፈትሹ። የእግር ጣት ውስጥ ገብቶ መሃሉ ጥቁር ነጥብ ያለው እብጠት የሚሠራው ደግሞ ሙጀሌ ነው፤ የቁንጫ ዘመድ ቢሆንም ሕክምናው ሌላ ነው።

እርግጠኛ ካልሆናችሁ ማታ ሰፋ ያለ ሳህን ላይ ውሃ አድርጉና ኦሞ ጨምሩበት፤ ወለሉ ላይ አስቀምጣችሁ ከበላዩ ባትሪ አብሩ። ቁንጫ ወደ ብርሃኑ ይዘልና ሳህኑ ውስጥ ይወድቃል። ኦሞው ከሌለ ውሃው ላይ ተንሳፎ ሊያመልጥ ስለሚችል እሱን አትርሱ።

ተረጨ፣ ለጥቂት ቀን ጠፋ፣ ተመልሶ መጣ

ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። ሴቷ ቁንጫ ደም በጠጣች በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ መጣል ትጀምራለች፤ ሲደላት በቀን እስከ 40 እና 50 እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ ከድመቷ ወይም ከውሻው ጠጉር ላይ ተንሸራትቶ ወለሉ ላይ ይረግፋል። ሲፈለፈል የሚወጣው እጭ ነጭ ክር የሚመስል ትል ነው፤ ብርሃን ይሸሻል፣ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል፣ ትልልቆቹ ቁንጫዎች የጣሉትን የደም ኩስ ይበላል። ከዚያ ድር ፈትሎ ራሱን ይሸፍናል፤ አቧራው ስለሚለጠፍበት ከአፈሩ አይለይም። ይህን ሽፋን ፍሊት አያልፈውም። ውስጥ ያለው በሁለት ሳምንት ሊወጣ ይችላል፣ ወራት ሊቆይም ይችላል፤ የሚጠብቀው የእግር ኮቴ፣ ሙቀትና ትንፋሽ ነው።

ስለዚህ ከረጫችሁ በኋላ ለሁለት ሦስት ሳምንት አዳዲስ ቁንጫ ብታዩ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት አይደለም። መፍትሄው በየቀኑ መጥረግ፣ ጥራጊውን ደጅ ሳይደፉ ማቃጠል፣ በሁለት ሳምንቱ ደግሞ እንደገና መርጨት ነው። ቤቱን ዘግቶ ዘመድ ቤት መክረም አይጠቅምም፤ ኮቴ ካልሰማ አይወጣም፣ ካልወጣ አይሞትም።

ለክረምት ወደ ቤተሰቡ ሄዶ የተመለሰ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በሩን ሲከፍት ቁንጫ እንደ ዝናብ የሚዘንብበትም ለዚህ ነው። እንዲህ ያለውን ክፍል መጀመሪያ ዕቃ ሳታስገቡ ተመላለሱበት፣ ጥረጉት፣ ከዚያ እርጩት።

ወለሉ

የቁንጫ እጭ እርጥበት ይወዳል፤ የአየሩ እርጥበት ከ50 በመቶ በታች ከወረደ ይደርቃል። ጅማ ደግሞ የዓመቱን አብዛኛውን ወር ትዘንባለች። ከሁሉ የከፋው የጭቃ ወለል ላይ የተነጠፈ የፕላስቲክ ምንጣፍ ነው፤ ከላይ ተወልውሎ ያበራል፣ ጠርዙን ስትገልጡት ግን ከስሩ እርጥብ አፈር፣ ፍርፋሪና ጠጉር ታገኛላችሁ። ገልብጡት፣ ሁለቱንም ገጽ እጠቡና ፀሐይ ላይ አስጡት፤ አፈሩን ጠርጋችሁ ስንጥቁን በጭቃ ድፈኑ፣ ሳይደርቅ አትመልሱት። አቅም ካለ ሊሾ ማስደረግ ከብዙ ዙር ፍሊት ይሻላል። ለቡና የተጎዘጎዘ ቄጠማም በማግስቱ ይውጣ (እስኪደርቅ መተው የለመደብን ብዙ ነን)። ባህር ዛፍ መጎዝጎዝ ሽታው ደስ ይላል እንጂ ድር ውስጥ ያለውን አይነካም። ትልቁን ዘመቻ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ጊዜ ብታደርጉት ፀሐይ ታግዛችኋለች።

ድመቷና ውሻው

ጠጉሩን ጥርሱ ጥቅጥቅ ባለ ማበጠሪያ አበጥሩና የወጣውን ጥቁር ብናኝ እርጥብ ነጭ ሶፍት ላይ አድርጉት። ወደ ቀይ ቡናማ ከተለወጠ የቁንጫ ኩስ ነው። መድኃኒቱን ከእንስሳት ሐኪም ውሰዱ። አንድ ነገር ግን በጥብቅ፦ ፐርሜትሪን ያለበት የውሻ መድኃኒት ድመት ይገድላል። ውሻው የአከራይ ከሆነ «እትዬ፣ ለመድኃኒቱ እኔም ላዋጣ» ማለት ከመጨቃጨቅ ይሻላል፤ እሱ ሳይታከም የእናንተ ክፍል ብቻውን አይጸዳም። ማታ ማታ ቤት የሚገባ በግ ወይም ፍየል ካለም ያው ነው።

አንሶላና ብርድ ልብስ በፈላ ውሃ ይታጠብ፤ ውሃ የማይችለው ፀሐይ ላይ ይዋል። ለእህል ወይም ለማሳ የተሠራ ፀረ ተባይ፣ ማላታይንን ጨምሮ፣ ፍራሽ ላይ አይረጭ፤ ሕፃን የሚተኛበት ቤት ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ካልቀነሰ

ኮርኒሱንና የቡና ጆንያ የተከመረበትን ጥግ ለአይጥ ፈትሹ። አይጥ ካለ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፦ መጀመሪያ የቁንጫ መድኃኒት አይጡ በሚመላለስበት መንገድና ጉድጓድ ዙሪያ ይረጭ፣ ከዚያ በኋላ አይጡ ይገደል። ቀድሞ ከሞተ ቁንጫው የቀዘቀዘውን ሬሳ ጥሎ ሞቅ ያለ ገላ ፍለጋ ወደ እናንተ ይመጣል።