የቀድሞ ታጣቂዎችን የማቋቋም ፕሮጀክት ሲገመገም ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ገምጋሚ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠራው ገንዘቡ ካለቀ፣ ሰዉም ከተበተነ በኋላ ነው። ግምገማውን የሚያበላሹት ስህተቶች ግን በብዛት የሚሠሩት የመጀመሪያው ክፍያ ከመውጣቱ በፊት ነው።

የተመዝጋቢን ብዛት እንደ ውጤት መውሰድ

እ.ኤ.አ. በ2003 መጨረሻ ላይቤሪያ ውስጥ ትጥቅ ማስፈታት ሲጀመር የተገመተው 38 ሺህ ያህል ተዋጊ ነበር። በመጨረሻ የተመዘገበው ሰው ከ100 ሺህ በላይ፣ የተሰበሰበው መሣሪያ ግን 28 ሺህ ገደማ ሆነ። መለኪያው «ስንት ሰው ተመዘገበ» ከሆነ ይህ ከዕቅድ በላይ የተሳካ ሥራ ነው። በእርግጥ የሚያሳየው ግን የመግቢያው መስፈርት ልል እንደነበር ነው፤ ጠመንጃ የሌለው ሰው 150 ጥይት ይዞ ቢመጣም ይመዘገብ ነበር።

ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው በምን እንደገባ (በጠመንጃ፣ በጥይት ወይም በአዛዥ ዝርዝር) በመዝገቡ ላይ ይስፈር፤ ውጤቱም በየምድቡ ተለይቶ ይተንተን። አለዚያ ጠመንጃ ነክቶ የማያውቅ ወጣት «ወደ ውጊያ አልተመለሰም» ተብሎ ከስኬት ይቆጠራል። በአዛዥ ዝርዝር ብቻ ከተሠራ ደግሞ ስንቅ የተሸከሙ፣ ያበሰሉና መረጃ ያቀበሉ ሴቶች ከናሙናው ይወጣሉ።

ያለ ንጽጽር «በፊት» እና «በኋላ» ማለት

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ጦርነት ሲቆም መንገድ ይከፈታል፣ ገበያ ይቆማል፣ ማሳ ይታረሳል፤ ፕሮጀክት ያልደረሰው ሰው ኑሮም ይሻሻላል። ከሥልጠና በፊትና በኋላ የተለካ ገቢ የሰላሙንና የፕሮጀክቱን ድርሻ ለይቶ አያሳይም።

ቡሩንዲ ላይ ንጽጽሩ የተገኘው በአጋጣሚ ነው። ድጋፉን ከሚያከፋፍሉት ድርጅቶች የአንዱ ሥራ በቢሮክራሲ ምክንያት ዘገየ፤ በእሱ ክልል የነበሩት የቀድሞ ተዋጊዎች ሲጠብቁ ሌሎቹ ተቀበሉ። ተመራማሪዎች ሁለቱን ወገኖች ሲያነጻጽሩ የተቀበሉት ዘንድ ድህነት ከ20 እስከ 35 መቶኛ ነጥብ ዝቅ ብሎ አገኙት። ሆኖም በሰላም ሂደቱ ላይ ያላቸው እርካታም ሆነ ለመንግሥት ተቋማት ያላቸው አመለካከት መሻሻሉን የሚያሳይ ማስረጃ አልተገኘም። «ገቢው ካደገ ወደ ጫካ አይመለስም» የሚለው ግምት ለብቻው መፈተን ያለበት ለዚህ ነው።

አጋጣሚ መጠበቅ ግን አያስፈልግም። በጀት ሁሉንም በአንድ ጊዜ የማይደርስ ከሆነ የመጀመሪያው ዙር በዕጣ ይለይ። ዕጣው በሰው ሳይሆን በቀበሌ ቢወጣ ጎረቤት ከጎረቤት አይቀያየምም። ቁስለኞችና ሕፃናት ያሏቸው እናቶች ዕጣ ውስጥ አይገቡም፤ ቀድመው ይስተናገዳሉ። የብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን በ2017 ዓ.ም. ከትግራይ የጀመረው ዓይነት በምዕራፍ የሚሄድ ሥራ ለዚህ ይመቻል፤ ተራው የሚወሰንበት መንገድ አስቀድሞ በጽሑፍ ከሰፈረ ማለት ነው።

የናሙናው መጠንም በግምት አይወሰን። አንድ ችግር ከ50 በመቶ ወደ 40 በመቶ መውረዱን በ80 በመቶ ዕድል ለመለየት በየወገኑ 385 ያህል ሰው ያስፈልጋል። በዕጣ የሚመረጠው ቀበሌ ከሆነና ከየቀበሌው 20 ሰው ከተጠየቀ፣ የአንድ ቀበሌ ሰዎች መመሳሰል (ከ0 እስከ 1 በሚሄድ መለኪያ) 0.05 ብቻ ቢሆን እንኳ ቁጥሩ በ1.95 ይባዛል፤ 750 ይሆናል። ከአምስቱ አንዱ እንደሚጠፋ ከታሰበ ደግሞ ከ940 መጀመር ነው። በ60 ሰው «ለውጥ አልታየም» ብሎ መጻፍ ምንም ማለት አይደለም።

የጠፉትን ረስቶ የተገኙትን ብቻ መቁጠር

ከ500 ሰው 350ው ተገኝቶ 10ሩ ወደ ትጥቅ ተመልሰው ከሆነ ሪፖርቱ 2.9 በመቶ ይላል። ግን 150ዎቹ የት ገቡ? አንድም ካልተመለሰ 2 በመቶ፣ ሁሉም ከተመለሱ 32 በመቶ ነው። ሁለቱም ጫፎች ይጻፉ። ከጠፉት 30 ሰው በዕጣ ተመርጦ በጥብቅ ቢፈለግ ክፍተቱ ይጠባል። በምዝገባው ቀን የሦስት ዘመድ ስልክ፣ የእናት ስምና ሰውዬው በሠፈር የሚጠራበት ቅጽል ስም መያዝ አለበት፤ በጫካ ስሙ የተመዘገበን ሰው በቀበሌው የሚያውቀው የለም።

ክፍያው ሳይቋረጥ መለካት

ላይቤሪያ ውስጥ የግብርና ሥልጠና ከወሰዱ የቀድሞ ተዋጊዎች መካከል፣ ገና የሚቀራቸውን ድጋፍ ይጠብቁ የነበሩት በኮትዲቯር ጦርነት ወቅት ለቅጥር ተዋጊነት ምልመላ የነበራቸው ፍላጎት ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ተስፋው ራሱ ሰውን ይይዛል። ስለዚህ አበል እየተከፈለ በሦስተኛው ወር የተለካ «ሰላማዊነት» የፕሮጀክቱ ዘላቂ ውጤት ላይሆን ይችላል። የመጨረሻው ክፍያ ከወጣ ከ12 እስከ 18 ወር በኋላ ተመልሶ መለካት ይሻላል፤ ያውም መጀመሪያ በተለካበት የዓመቱ ወቅት። ነሐሴ ላይ የተጠየቀ ገበሬ ጥር ላይ ከተጠየቀው ይልቅ ደሃ ነው።

«መሣሪያ አለህ?» ብሎ መጠየቅ

መልሱ የታወቀ ነው። ናሙናው በቂ ሲሆን በዕጣ ለሁለት ይከፈል፤ ለአንዱ ወገን አራት ተራ ዓረፍተ ነገሮች፣ ለሌላው እነዚያው አራትና አንድ ስሱ ዓረፍተ ነገር («መሣሪያ አለኝ» የሚል) ይነበብለት። ተጠያቂው የሚናገረው ስንቱ እሱን እንደሚመለከት ብቻ ነው፤ የትኛው እንደሆነ አይናገርም። የመጀመሪያው ወገን አማካይ 1.9፣ የሁለተኛው 2.1 ከሆነ ስሱው ጉዳይ 20 በመቶውን ይመለከታል። ዘዴው ትልቅ ናሙና ይፈልጋል፤ በ100 ሰው አይሠራም። ጠያቂው የፕሮጀክቱ ሠራተኛ ከሆነ ወይም የቀድሞ አዛዥ አጠገብ ከተቀመጠ ደግሞ የትኛውም ዘዴ አያድንም።

ተቀባዩን ማኅበረሰብ መዝለል

ተመላሹን «ተቀብለውሃል?» ማለት ግማሽ መልስ ነው። ጎረቤትም ይጠየቅ፤ በሚደረግ ነገር፦ ዕድር ውስጥ ገብቷል? ደቦ ይጠራል? ዕቁብ ያስገቡታል? ያበድሩታል? ሴራሊዮን ላይ መቀላቀልን በይበልጥ ያከበደው ሰውዬው የነበረበት ክፍል በሕዝብ ላይ የፈጸመው ግፍ ነበር። ይህ ካልተመዘገበ ሥልጠናው በማይመለከተው ይወቀሳል ወይም ይመሰገናል።

የስም ዝርዝሩን ከመልሱ ጋር ማስቀመጥ

«ማን የት ይኖራል፣ ከማን ወገን ተዋጋ» የሚል ፋይል ግጭት ቢያገረሽ የሚገደሉ ሰዎች ዝርዝር ይሆናል። መጠይቁ ላይ ኮድ ብቻ ይቀመጥ፤ ኮዱን ከስም የሚያገናኘው መዝገብ ተለይቶ፣ በይለፍ ቃል ተቆልፎ፣ ከሁለት ሰው በማይበልጥ እጅ ይሁን። የሚጠፋበት ቀንም ውሉ ሲፈረም ይጻፍ።