ለዋናው በርና ለጋራዥ መረብ ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«መረብ ገጥመናል፤ ትንኝ ግን አሁንም ይገባል» ብለው ከሚጠሩኝ ሰዎች ቤት ስደርስ መጀመሪያ የማየው መረቡን አይደለም፤ ተንበርክኬ ከበሩ ሥር ያለውን ክፍተት ነው። መረቡ አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው፤ እንዲያውም አንዳንዴ ከሚያስፈልገው በላይ ደቃቅ ነው። ባለቤቱ ሱቅ ውስጥ ቆሞ መረቡን ወደ ብርሃን እያነሣ፣ የመረቡንም ዓይን፣ ማለትም ቀዳዳዎቹን፣ በጣቱ እየዳሰሰ ከሁሉ የደቀቀውን መርጧል፤ ቤቱ ሲደርስ ግን ጣት የሚያሾልክ ክፍተት ከበሩ ግርጌ ትቶ ገጥሞታል። ትንኝ በትንፋሻችንና በገላችን ሽታ ተስባ የምትመጣ ፍጥረት ናት፤ ያ ሽታ በክፍተቱም በኩል ስለሚወጣ ከመረቡ ጋር የምትታገልበት ምክንያት የላትም።

ይህ ስህተት በዋናው በር ላይ ሲሠራ በአንድ የጎማ ወይም የብሩሽ ጠርዝ ይታረማል፤ ትዕግሥቴን የሚፈትነው በጋራዥ በር ላይ ሲደገም ነው። የጋራዥ ወለል ውሃ እንዲፈስበት ተብሎ ብዙ ጊዜ ዘንበል ብሎ የሚሠራ ሲሆን፣ ከግራ ወደ ቀኝ ሲለካም ፍጹም እኩል ሆኖ ያገኘሁት ጥቂት ነው። በእያንዳንዱ ሜትር 5 ሚሊ ሜትር ብቻ የሚያዘነብል ወለል 5 ሜትር ስፋት ባለው በር ላይ በአንዱ ጫፍ 2.5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይፈጥራል፤ ይህን ዝንባሌ ዓይን አያየውም፣ ውሃ ልክ ግን ያየዋል። አንድ ደንበኛ ለጋራዡ ሦስት ጊዜ መረብ ቀይሮ ነበር፤ በየጊዜው ከቀደመው የደቀቀ እየገዛ፣ ጋራዡ ይበልጥ እየታፈነ፣ የትንኙ ቁጥር ግን ሳይቀንስ። በአራተኛው ጠራኝ። ወለሉ ላይ ቀጥ ያለ ረጅም እንጨት ዘርግቼ ውሃ ልኩን ባስቀመጥሁበት ጊዜ የቀኙ ጥግ በሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ተገኘ። ከታች ብሩሽ ያለው ጠርዝ ገጥሜ፣ መጀመሪያ ገዝቶት ዕቃ ቤት የጣለውን መረብ መልሼ ሰቀልሁለት፤ ግማሽ ቀን ያልሞላ ሥራ ነበር። ስለዚህ የጋራዥ መረብ ሲገዙ ስለ ዓይኑ ከመጠየቅዎ በፊት ግርጌው በምን እንደተሠራ ይጠይቁ፤ ክብደት ወይም ሰንሰለት የተሰፋበት እጥፋት ኖሮት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወለሉ ላይ የሚተኛ ከሆነ ያልተስተካከለ ወለልን ይከተላል፤ ቀጥ ያለ ጠንካራ ዘንግ ብቻ ከሆነ ግን አይከተልም።

አንድ ጊዜ ብቻ ለክቶ ማዘዝ ሌላው ስህተት ነው፤ በዚህኛው ማንንም የመውቀስ መብት የለኝም፤ እኔም ሠርቼዋለሁና። በጀማሪነቴ የአንድ ዋና በር ስፋት በመሃሉ ብቻ ለክቼ የአሉሚኒየም ክፈፍ አሠራሁ፤ ላይኛው ጫፍ ግን በ6 ሚሊ ሜትር ጠቦ ነበርና ክፈፉ አልገባ አለ። አሉሚኒየሙን ማሳጠር ስላልቻልሁ የሰውየውን የእንጨት መቃን ባለቤቱ እያየ በመላጊያ ስልግ ዋልሁ። ከዚያ ወዲህ ስፋቱን ከላይ፣ ከመሃልና ከታች፣ ቁመቱንም በግራ፣ በመሃልና በቀኝ እለካለሁ፤ መረቡ በመቃኑ ውስጥ የሚገባ ከሆነም ትንሹን ቁጥር እወስዳለሁ። በመጨረሻ ከጥግ እስከ ጥግ ያሉትን ሁለቱን ሰያፍ ርቀቶች አነጻጽራለሁ፤ እኩል ካልሆኑ መቃኑ ከስኳድራ ወጥቷል፣ ማዕዘኖቹ ቀጥ ያሉ አይደሉም ማለት ነው፤ እንዲህ ባለው መቃን ላይ ማዕዘኑን የጠበቀ ክፈፍ የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢሠራ አንዱ ጥግ ክፍት ይቀራል።

የመረቡን ዓይን በተመለከተ ሰው ሁሉ ደቃቁ ይሻላል ብሎ ያስባል። በብዛት የሚሸጠው 18 በ16 የሚባለው ሲሆን፣ ትርጉሙም በ2.54 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ውስጥ በአንድ አቅጣጫ 18፣ በሌላው 16 ክሮች አሉት ማለት ነው። ይህ ለዝንብና ለትንኝ በቂ ነው። ከዚህ የደቀቀው፣ ለምሳሌ 20 በ20 የሆነው፣ የሚያስፈልገው እንደ አሸዋ ዝንብ ያሉ ቀጫጭን ነፍሳት ባሉበት ነው፤ ዋጋውም በአየር ይከፈላል፤ ዓይኑ በጠበበ ቁጥር ነፋሻው እየቀነሰ ይሄዳል፤ ብዙ ሰው ደግሞ መረብ የሚገጥመው በሩን ከፍቶ አየር ለማግኘት መሆኑን ይረሳዋል። ስለ ቀለሙ የምለው አጭር ነው፤ ጥቁር መረብ ብርሃን ስለማያንጸባርቅ ወደ ውጭ ሲያዩበት ከነጭና ከብርማው ይሻላል።

የክሩ ዓይነት የሚመረጠው በቤቱ ውስጥ ማን እንደሚኖር ታይቶ ነው። ፋይበርግላስ ርካሽ ነው፤ ሲታጠፍም ምልክት አይይዝም፤ የድመት ጥፍር ግን በአንድ ምሽት ይተረትረዋል። አሉሚኒየም ይበልጥ ጠንካራ ቢሆንም አንድ ጊዜ ከተጎደጎደ ጉድጓዱ እንደታየ ይኖራል። እንስሳት ላሉበት ቤት በፕላስቲክ የተለበጠው ወፍራም የፖሊስተር መረብ ይሻላል፤ ሙሉውን በር በእሱ መሥራት ካልፈለጉ የበሩን የታችኛውን አጋማሽ በእሱ፣ የላይኛውን በቀጭኑ መሥራት ይቻላል። ጨዋማ የባሕር አየር ባለበት ቦታ በአሉሚኒየም ክፈፍ ላይ የማይዝግ ብረት መረብ መወጠር ሁለቱ ብረቶች በሚነካኩበት አሉሚኒየሙን ያስበላዋል፤ ይህን የማያውቅ ባለሙያም አጋጥሞኛል።

የዋናው በር እጀታ መረቡን ይመታዋል። ይህ ቀላል ነገር በስንት ቤት እንደተረሳ ብናገር አይታመንም። በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት ሆኖ መረቡ በውጭ በኩል ሲገጠም፣ በሩ ሲዘጋ የውጭው እጀታ በሁለቱ መካከል ባለው ጠባብ ቦታ ውስጥ መግባት አለበት፤ ስለዚህ እጀታው ከበሩ ገጽ ምን ያህል እንደሚወጣ ለክተው፣ የመረቡ በር ደግሞ የራሱ እጀታ ወደ ውስጥ እንደሚወጣ አስበው ሁለቱን ይደምሩ፤ ቦታው ካልበቃ አንዱን እጀታ ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ መግጠም ይበቃል።

በማግኔት የሚገጣጠመው ከመሃል የተከፈለ መረብ ለዋናው በር እወደዋለሁ፤ ሁለት እጁ ዕቃ የያዘ ሰው ገፍቶት ያልፋል፣ ከኋላውም ይዘጋል። ይህንኑ ነፋስ በሚበዛበት ቦታ ለሰፊ ጋራዥ መግዛት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በሰከንድ 10 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በተደፈነ ገጽ ላይ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 60 ኒውተን ገደማ ያሳርፋል፤ የሁለት መኪና ጋራዥ በር 10 ካሬ ሜትር ያህል ስለሆነ ድምሩ የአንድ 60 ኪሎ ሰው ክብደት ያክላል። መረብ ከነፋሱ ከፊሉን ስለሚያሳልፍ ግፊቱ ከዚህ ያንሳል፤ ቢሆንም እነዚያ ጥቃቅን ማግኔቶች አይችሉትም፤ ተለያይተው መረቡ እንደ ሸራ ይውለበለባል። ለእንዲህ ያለው ቦታ ጠርዙ በግራና በቀኝ በተገጠመ ሐዲድ ውስጥ የሚሄድ ተጠቅላይ ወይም ተንሸራታች መረብ ይምረጡ።

የሚውለበለበው መረብ ሌላም ጣጣ አለው። በኤሌክትሪክ የሚዘጉ ብዙ የጋራዥ በሮች ከወለሉ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በሁለቱ ጎኖች የተገጠመ የጨረር ዓይን አላቸው፤ ጨረሩ ሲቋረጥ በመዘጋት ላይ ያለው በር ተመልሶ ይነሣል። መረቡ ጨረሩን ሲጋርደው ባለቤቱ ሞተሩ የተበላሸ መስሎት ጠጋኝ ይጠራል። መግጠሚያ ቦታውን ሲመርጡ የበሩን ሐዲድና ይህን ዓይን ሳይነኩ የሚያልፍ መስመር መኖሩን በሩን ሁለት ሦስት ጊዜ እያስነሡና እያስወረዱ ያረጋግጡ።

መረብ የተጋረደበት ጋራዥ እንደ ሳሎን ስለሚመስል ሰዎች መኪናውን ወይም ጄኔሬተሩን እዚያው ያስነሣሉ። አያድርጉት። ከሞተር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ይገድላል፤ በሩ ሙሉ በሙሉ ቢከፈት እንኳ ሞተር በጋራዥ ውስጥ ማሠራት አደገኛ ነው፤ መረብ ደግሞ የአየሩን ዝውውር ይቀንሰዋል እንጂ አይጨምረውም።

በዋናው በር መረብ ላይ ከውስጥ በቁልፍ የሚከፈት መቆለፊያ አይግጠሙ፤ እሳት ቢነሣ መውጫዎ እሱ ነው። ተራ መረብ ሌባንም ሆነ የሚደገፍበትን ሕፃን አይመክትም።

መረቡ አርጅቶ ክፈፉ ደህና ሲሆን ሰዎች መረቡን ብቻ ገዝተው ይመለሳሉ፤ መረቡን በክፈፉ ቦይ ውስጥ ወጥሮ የሚይዘውን የጎማ ገመድ ግን አያስቡትም። ገመዱ በተለያየ ውፍረት ይሸጣል፤ የቀጠነው መረቡን ይለቃል፣ የወፈረው ቦዩ ውስጥ አይገባም፤ በግድ ቢገባም ቀጭኑን ክፈፍ ያጎብጠዋል። አዲሱ መረብ ከአሮጌው ከወፈረ ደግሞ ገመዱ በመጠኑ መቅጠን አለበት። ወደ ሱቅ ሲሄዱ ከአሮጌው ገመድም ከአሮጌው መረብም አንዳንድ ቁራጭ ቆርጠው ይያዙ።