የአንጀት ቁጣ ነው ብላችሁ እንዳትሸወዱ

ጅማ ውስጥ ሆዱን ያመመው ሰው የበሽታ ስም አያጣም። አንዱ ጨጓራ ነው ይለዋል፣ ሌላው አሜባ፣ ሌላው ኪንታሮት። አሁን ደግሞ «አይቢኤስ» ተጨምሯል፣ የአንጀት ቁጣ የሚሉት። በሽታው የምር ነው፤ ይቆርጣል፣ ይነፋል፣ አንዴ ያስቀምጣል አንዴ ያደርቃል። ግን አንጀት አያቆስልም፣ አያደማም፣ ወደ ካንሰርም አይለወጥም። ጣጣው ሌላ በሽታ በእሱ ስም ተሸፍኖ ሲቀመጥ ነው።

ደም አይቶ «ኪንታሮት ነው» ማለት

እዚህ ላይ ቆየት ልበል፣ ሰው የሚጎዳው እዚህ ጋ ነውና። ሽንት ቤት ደም ያየ ሰው መጀመሪያ ያፍራል፣ ሲቆይ ለጓደኛው ይነግራል፣ ጓደኛውም «ኪንታሮት ነው ባክህ፣ እኔም ነበረብኝ» ይለውና ቅባት ወይም ቅጠል ተፈልጎ ነገሩ እዚያው ያልቃል። እርግጥ ኪንታሮት ሊሆን ይችላል። ግን የትልቁ አንጀት ቁስለት ያደማል፣ ክሮንስ (አንጀትን የሚያቆጣና የሚያቆስል የቆየ በሽታ) ያደማል፣ ቢልሃርዚያ ያደማል፣ ካንሰርም ያደማል። ኪንታሮት ያለበት ሰው ሌላ በሽታ አይዘውም ያለው ማነው? እንደ ሬንጅ ጠቁሮ የሚያጣብቅ ሰገራ ደግሞ ከላይ፣ ከጨጓራ አካባቢ የሚደማ ነገር ሊሆን ስለሚችል ለነገ አይባልም። (የብረት ኪኒን የምትወስድ ሴት ቢጠቁርባት፣ ቀይ ሥር የበላ ሰው ቢቀላበት ግን አይደንግጡ።)

ፍላጅል መደጋገም

«ወንድሜ፣ ፍላጅል ስጠኝ እስቲ።» ፋርማሲ በር ላይ ቆማችሁ ስሙ፣ ሳይመረመር የሚጠይቀው ብዙ ነው። አሜባ ከሆነ መድኃኒት አለው። ሕመሙ በየወሩ እየተመለሰ ከሆነ ግን ለአራተኛ ጊዜ ያንኑ ከመዋጥ ሐኪም ማየት ይሻላል። ከከባድ ተቅማጥ በኋላ ጀርሙ ሄዶ አንጀቱ ተቆጪ ሆኖ የሚቀርበት ሰውም አለ፤ ለእሱ ፍላጅል ምንም አይፈይድለትም።

ሌሊቱንና ቀበቶውን አለማየት

የአንጀት ቁጣ አብዛኛውን ጊዜ ሰውን ያስተኛል። ከእንቅልፍ ቀስቅሶ የሚያስሮጥ ተቅማጥ ጥሩ ምልክት አይደለም። ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ እየበሳ «ጾም ስለሆነ ነው»፣ «ረመዳን ስለሆነ ነው» የሚለውም እንደዚያው። ክብደት መቀነስ፣ ትኩሳት፣ ሌሊት ማላብ ሲደራረቡ በእኛ አገር የአንጀት ቲቢም መታሰብ አለበት። ከክሮንስ ጋር በጣም ይመሳሰላል፤ የክሮንስ መድኃኒት ደግሞ የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክም ቲቢ ላለበት ሰው አደገኛ ነው።

«አልትራሳውንድ ንጹህ ነው» ብሎ መተኛት

አልትራሳውንድ የአንጀትን ውስጠኛ ግድግዳ አያሳይም። ያንን የሚያየው ኮሎኖስኮፒ ነው፣ በፊንጢጣ የሚገባ ቀጭን ካሜራ። በተለይ ከ50 ዓመት በኋላ የሰገራው ሁኔታ አዲስ የተለወጠበት፣ ወይም ቤተሰቡ ውስጥ የአንጀት ካንሰር ያለበት ሰው ሳይታይ «ቁጣ ነው» ቢባል አይቀበል። ወጣትነትም ዋስትና አይደለም።

ምርመራ ለምርመራ መዞር

ይሄ ደግሞ ተቃራኒው ነው። አንድም የአደጋ ምልክት የለም፣ ደሙና ሰገራው ደህና ነው፣ ሰውዬው ግን ከክሊኒክ ክሊኒክ በባጃጅ ይዞራል። ሐኪሞች የአንጀት ቁጣን የሚለዩበት፣ በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው የሮም መመዘኛ ቀላል ነው፦ ከ6 ወር በፊት የጀመረ፣ ባለፉት 3 ወራት ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን የሚመጣ የሆድ ሕመም፣ ከሕመሙ ጋርም ከሦስቱ ሁለቱ፦ ከመጸዳዳት ጋር መያያዝ፣ የመመላለሱ ብዛት መለወጥ፣ የሰገራው ቅርጽ መለወጥ።

ምግብ ቀይሮ ስለተሻለ መወሰን

ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ባቄላና ሽሮ ቀንሶ የሚቀለው ብዙ ነው። ቡናም አንጀት ይቀሰቅሳል (ጅማ ተቀምጦ ቡና ተው ማለት ይከብዳል፣ ይገባኛል)። ግን የአንጀት ቁስለትም በራሱ ጊዜ ጋብ ብሎ ተመልሶ ይነሳል። ስለዚህ ሽሮ ትታችሁ ቢሻላችሁም፣ ደም ካያችሁ ታዩ። ሐኪም ጋ ስትገቡ መቼ እንደጀመረ፣ በቀን ስንቴ እንደሚያስወጣችሁ፣ ሌሊት ይቀሰቅስ እንደሆነ፣ የዋጣችሁትን ኪኒን ሁሉ ስልካችሁ ላይ ጻፉና ያዙ፤ ያለ ማዘዣ የገዛችሁትንም ጭምር።